ሆስፒታል የተኙ ልጆችን ስለመጠበቅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

እኔም ነርስ ነኝ። ልጆች ላይ የመድኃኒት ስህተት ለምን ይበዛል?
የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በክብደቱ ስለሆነ ነው። ክብደቱ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳታል። በዓይን መገመት አይሠራም። ልጁ እንደገባ ይመዘን፣ በኪሎግራም ይጻፍ። ሌላዋ አደገኛ ነገር ነጥቧ ናት፤ 0.5 ሚሊግራም የታዘዘለት ልጅ ነጥቧ ሳትታይ ቀርታ 5 ከተሰጠው 10 እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ከነጥቧ በፊት ዜሮ አይቅር። "5.0" ብላችሁ ግን አትጻፉ፣ 50 ተብሎ ይነበባል። ኢንሱሊንን (የስኳር በሽታ መድኃኒት)፣ ሄፓሪንን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) እና ሞርፊንን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ሁለት ነርሶች ለየብቻ ያስሉ። ለየብቻ! አንዷ አስልታ "ልክ ነው አይደል?" ስትል ሌላዋ "አዎ" ብላ ካለፈች ማንም አላረጋገጠም።

ፖታሲየም ክሎራይድስ?
በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሳይበረዝ በሲሪንጅ በደም ሥር በፍጹም አይሰጥም። ልብ ያቆማል።

ግሉኮስ የተተከለበት የልጄ እጅ አበጠ። ልናገር ወይስ ልጠብቅ?
አሁኑኑ ተናገሪ እህቴ። ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋው ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። እኛም ቦታውን ቢያንስ በየሰዓቱ ማየት አለብን፤ ጨቅላ ልጅ "እዚህ ጋ አመመኝ" አይልማ። ቦታው በፋሻ ተጠቅልሎ እንዳይታይ ሲደረግ በጣም ይከፋኛል።

ልጁ እየከፋበት መሆኑን ቀድሜ በምን ልወቅ?
ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የደም ግፊቱ እስኪወርድ አትጠብቂ፣ ልጆች ላይ እሱ የሚወርደው ዘግይቶ ነው፣ ያኔ ብዙ ጊዜ ባክኗል። እናቱ "ዛሬ ልጄ ልክ አይደለም" ካለችሽ ደግሞ የያዝሽውን ትተሽ ሂጂ። ከማሽኑ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

እኔ አጠገቡ እያለሁም የአልጋው መከላከያ ከፍ ይበል?
አዎ። ልጆች ወላጅ አጠገባቸው እያለም ይወድቃሉ።

ሲስተሯን "እጅሽን ታጠቢ" ብላት ነውር አይሆንም?
አይሆንም። ጓንት ብታደርግም እጅ ማጽዳቱ አይቀርም። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። እኔን ብትዪኝ አመስግኜሽ አጸዳለሁ።