ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ህመም፦ ጠይቁ፣ ፊዚዮው ይመልሳል

ዛሬ በግሩፓችን የማወራው ስለ አንድ ጅማት ብቻ ነው፤ የጉልበትን ሎሚ ከቅልጥም አጥንት ጋር ስለሚያገናኘው። ሌላው ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጉልበቴን ያመኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮ ነኝ፤ ጉዳትን በእንቅስቃሴ የማክም። የቱ ጋ ነው? ከፊት ነው ከጎን? ስትዘል ነው ስትተኛ? ጠንቋይ አታድርገኝ እንጂ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ መረብ ኳስ እጫወታለሁ። ከሎሚው ጫፍ በታች ስጫነው ያመኛል። ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ መከራ ነው። አርፌ ተሽሎኝ ነበር፤ ስመለስ ያው ሆነ።

መልስ፦ እንዲህ ይጠየቃል እህቴ! ጅማትሽ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ስታርፊ ህመሙ ይጠፋል፣ ግን ጅማቱም የጭን ጡንቻሽም አብረው ይደክማሉ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ያንኑ ዝላይ ትዘያለሽ። ስለዚህ ዝላዩን ቀንሺ፣ ጭነቱን ግን አታቁሚ። ጂም ውስጥ ተቀምጠሽ እግር የምትዘረጊበት ማሽን ላይ ጉልበትሽን ወደ 60 ዲግሪ አጥፈሽ፣ ከበድ ያለ ክብደት ሳታንቀሳቅሺ 45 ሰከንድ ያዢ። 5 ጊዜ፣ በየመሀሉ 2 ደቂቃ እረፊ። ማሽን ከሌለ ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ ዝቅ በይና ቆዪ። ቀጥሎ በሳምንት 3 ቀን ክብደት ይዘሽ ቁጭ ብድግ፣ ቀስ ብለሽ፤ 3 ሰከንድ መውረድ፣ 3 ሰከንድ መነሳት። ዝላይ መጨረሻ ላይ ነው። ህመሙ ከ10 ነጥብ 3 ቢደርስ አትደንግጪ። በማግስቱ ከባሰ አብዝተሻል ማለት ነው። 12 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ፍጻሜ አለን። መርፌ ብወጋስ?

መልስ፦ የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንት ህመሙን ይደብቃል፣ ጅማቱን ግን ሊያዳክመው ይችላል። አትወጋ። የጅማት ነገር ችኮላ አይወድም። ብራዚላዊው ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ይሄው ጅማት ተጎድቶበት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በሚያዝያ 2000 ከጣሊያኑ ክለብ ላዚዮ ጋር በነበረው ጨዋታ ተቀይሮ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ።

አባል፦ ሮናልዶ መቼ መርፌ ተወጋ? በ2002 ዓለም ዋንጫ ደግሞ 8 ጎል አግብቷል።

መልስ፦ ተወጋ አላልኩም፣ ስለ ችኮላ ነው ያወራሁት። 8ቱን ጎል ያገባው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አባል፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔን የሰፈራችን ወጌሻ አሽቶ አዳነኝ።

ሌላ አባል፦ ወጌሻ ለወለምታ ነው።

አባል፦ ክለቦቹስ ወጌሻ አላቸው አይደል እንዴ?

ሌላ አባል፦ የክለብ ወጌሻና የሰፈር ወጌሻ አንድ ነው በለኛ!

መልስ፦ ማሸት ለጊዜው ያቀላል፣ ጅማት ግን አያጠነክርም። ክርክሩን በውስጥ መስመር ጨርሱት።

ጥያቄ፦ የአጥንት ሾርባስ?

መልስ፦ ጠጣ፣ ይጣፍጣል። ቁጭ ብድጉን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ቅልጥሙ አናት ላይ አብጦ ያመዋል።

መልስ፦ ያ በእድገት ላይ ያለ አጥንት ችግር ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ወር ሙሉ በሙሉ ላርፍ አስቤ ነበር፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ! ዝላይ ቀንስ፣ ጭነት አታቁም፣ አትወጋ።

ጥያቄ፦ ትናንት ስዘል «ጧ» አለ፣ አሁን እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። ግድግዳውን ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር! ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። እግርህን ሳትረግጥበት ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ፤ ከተበጠሰ ቀዶ ጥገናው ሲዘገይ ይከብዳል።