ጥያቄና መልስ፦ የማስክ ግዴታ በወረዳና በቀበሌ መሥሪያ ቤቶች (ታኅሣሥ 2013፣ የኮቪድ መመሪያው ይሠራ በነበረበት ጊዜ)

ሳኒታሪያኑ፦ የኮቪድ መመሪያ ቁጥር 30/2013 ከወጣ ወዲህ ያው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ፣ ዛሬ እዚሁ ሰብሰብ አድርገን እንጨርሰው። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አምስት ወሩን ጨርሶ ሲያበቃ «ማስኩም አብሮ ቀረ» ያለ ብዙ ነው። አልቀረም። ከቤት ውጭ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ነው፤ መሥሪያ ቤትም ማስክ ላላደረገ ሰው አገልግሎት መስጠት የለበትም። የእኔ ሙያ የአካባቢ ጤና ነው፦ ሕንፃ፣ አየር፣ ውሃ፣ ኬሚካል። ክስና ቅጣት የሕግ ሰው ጠይቁ። አንድ ማሳሰቢያ ከወዲሁ፦ በረኪና ሰው ላይ አይረጭም።

የበር ጥበቃ፦ ጋሼ፣ እኛ ጋ ግማሹ ባለጉዳይ ነጠላ ወይም ሻርፕ አፉ ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚመጣው። ላስገባ ወይስ ልመልስ?

ሳኒታሪያኑ፦ አትመልስ፤ እንዲሁ እንዳለም አታስገባ። ነጠላ ስስ ነው፣ ሽመናውም ክፍት ነው። ከዚያ የባሰው ግን የእጅ ጉዳይ ነው። ሰውየው ነጠላውን በግራ እጁ ይዞ መስኮት ጋ ይደርሳል፤ «ፎርም ሙላ» ሲባል አንዱ እጅ ወረቀቱን ይጫናል፣ ሌላው እስክሪብቶ ይይዛል፣ ነጠላው ትከሻ ላይ ይወርዳል። ከጸሐፊዋ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረውም ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ በር ላይ የሚሰጥ ማስክ ይኑራችሁ።

ስንት ይበቃል ለሚለው፦ ለሦስት ቀን ያለ ማስክ የመጣውን ሰው ቁጠሩ፣ ከሦስቱ የበዛውን ቀን ውሰዱ፣ ሩቡን ጨምሩበት። ከሦስቱ ቀናት አንዱ ሰኞ ይሁን። ባለ 50ውን ካርቶን ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ ሁሉም እጁን ይከትበታል። ጥበቃው እጁን በሳኒታይዘር አሽቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ በጆሮ ማንጠልጠያው ይዞ አንድ አንድ ያውጣ።

መዝገብ ቤት፦ እኛ ዘንድ ሌላ ጣጣ አለ። የሚወጣው ሰው አውልቆ በር ላይ ለሚጠብቀው ያቀብለዋል።

ሳኒታሪያኑ፦ በየቦታው ያለ ነገር ነው። መግቢያውንና መውጫውን ለዩ። ሁለት በር ከሌለ በአንዱ በር መካከል ገመድ ወይም አግዳሚ ወንበር አድርጉ፣ የሚወጣና የሚገባ አይገናኝ። መውጫው ላይ በእግር የሚከፈት ክዳን ያለው ቅርጫት ይቀመጥ። በር ላይ ማስክ በነጻ እንደሚገኝ ከታወቀ መዋዋሱ ራሱ ይቀንሳል።

ሀብታሙ፦ በረኪና መርጫ በር ላይ ብናቆምስ? ከማስክ ጋር ደርበን ማለቴ ነው።

ሳኒታሪያኑ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ሰው ላይ አይረጭም። ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፣ ሳል ያስነሳል፤ ሰውየው ቢታመም እንኳ ቫይረሱ ያለው ሳንባው ውስጥ እንጂ ኮቱ ላይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በግልጽ አታድርጉት ብሏል።

ስፌት ቤት፦ ወረዳው ለሠራተኞቹ የጨርቅ ማስክ እንድንሰፋ አዝዞናል። አንድ ድርብ ፖፕሊን ይበቃል ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ሳኒታሪያኑ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ባወጣው ምክር ሦስት ድርብ ይላል። ከፊት ጋር የሚነካካው ውሃ የሚመጥ ጥጥ፣ መካከለኛው ፖሊፕሮፒሊን (ያ ያልተሸመነው፣ የገበያ ቦርሳ የሚሠራበት ዓይነት)፣ ውጪው እርጥበት የማያስገባ ፖሊስተር ወይም ቅይጥ። ፖፕሊን ብቻ ከሆነ ቢያንስ ጥቅጥቅ ያለውን ምረጡ፤ ወደ ብርሃን ይዛችሁ ስታዩት የጣት ቅርጽ ከኋላው በግልጽ ከታየ ጣሉት።

አቆራረጡ፦ ለአዋቂ 25 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ለላስቲኩ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር። ጥጡን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ይህን የሚዘለው ሰፊ ብዙ ነው፤ ከመጀመሪያ እጥበት በኋላ ጨርቁ ይሰበሰብና አገጭ መሸፈኑን ይተዋል፣ ሠራተኛውም ሲያወራ ከአፍንጫው ላይ ይንሸራተትበታል። አፍንጫ ላይ የሚገባው ሽቦ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ጫፍና ጫፉን በፒንሳ አጥፋችሁ አስገቡት፣ አለዚያ ጨርቁን ቀድዶ ፊት ይወጋል። ሽቦ የሌለው ማስክ መነጽር ለሚያደርግ ሰው አይሆንም፦ ትንፋሹ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወቱን ያጨልመዋል፣ ሰውየውም ማስኩን ከአፍንጫ በታች ያወርዳል። ቸልተኛ አትበሉት፤ ስፌቱ ነው ያስወረደው።

ለአንድ ሠራተኛ ሦስት ስጡ፦ አንዱ ፊት ላይ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ለትርፍ፣ አንዱ እጥበት ላይ። የረጠበ ማስክ ይቀየራል። እጥበቱ በሳሙናና 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ፤ የሚሞቅ ውሃ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና አጥቦ ለአንድ ደቂቃ ማፍላት ነው።

ሙሉ፦ ቫልቭ ያለው ማስክ ግን ከሁሉም ይበልጣል አይደል?

ሳኒታሪያኑ፦ ለለባሹ። የሚወጣውን ትንፋሽ ሳያጣራ ይለቀዋል፤ ሕጉ የወጣው ደግሞ ሌላውንም ለመጠበቅ ነው። በር ላይ ሌላ ማስክ ከላዩ ይደረብበት።

ሙሉ፦ የፊት መከለያ ፕላስቲኩስ?

ሳኒታሪያኑ፦ ማስክን አይተካም። ከታችም ከጎንም ክፍት ነው።

ገረመው፦ ቅጣቱ ስንት ነው?

ሳኒታሪያኑ፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እስከ 2 ዓመት እስራት ሊያደርስ ይችላል ብሏል። በአዋጁ ጊዜ የነበረውን ከ1,000 እስከ 200,000 ብር የሚለውን እያነሣችሁ አታደናግሩ፣ ያ ከአዋጁ ጋር አብቅቷል። ዝርዝሩን ከሕግ ሰው።

ወሳኝ ኩነት፦ የምዝገባ ክፍላችን መስታወት አለው፣ ሁላችንም ማስክ አለን፣ ግን ባለጉዳዩ ሁሉ መስኮት ጋ ሲደርስ ማስኩን ያወርዳል። ብንናገር ብንናገር አልሆነም።

ሳኒታሪያኑ፦ በመናገር አይሆንማ። መስኮቱን እዩት። መስታወቱ ድምፅ ያፍናል፣ ማስኩ ያፍናል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ቃል አይሰማም። የወረቀት ማቀበያው ቀዳዳ ደግሞ ጠረጴዛው ልክ ላይ ነው። ስለዚህ ባለጉዳዩ ጎንበስ ይላል፣ አፉን ቀዳዳው ላይ ያደርጋል፣ ማስኩን አገጩ ላይ ዝቅ አድርጎ «የልደት ነው!» ብሎ ይጮኻል። ጸሐፊዋ ተቀምጣለች፤ ትንፋሹ የሚያርፈው ፊቷ ላይ ነው። መስታወቱ ሊከላከል ተገዝቶ፣ በአንዲት ቀዳዳ በኩል ሁለቱን ሰዎች አቀራርቧቸው አረፈ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። አንደኛ፣ የሚጠየቀውን ጥያቄ ቀንሱ፦ ለልደት፣ ለጋብቻ፣ ለሞት ምዝገባ የሚያስፈልገው ማስረጃ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ከሰልፉ መነሻ ላይ ይለጠፍ እንጂ መስኮቱ ላይ አይለጠፍ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የሚያነብበው ተራው የደረሰ ሰው ነው፣ ያኔ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ሁለተኛ፣ አነስተኛ ማይክና ድምፅ ማጉያ። ያ ካልተገኘ፣ የወረቀት ቀዳዳው በሚከፈት ክዳን ይሸፈን፤ የመነጋገሪያ ቀዳዳዎች ከቆመ ሰው አፍ ልክ፣ ከወለል 1 ሜትር ከ50 አካባቢ ይበሱ፤ የጸሐፊዋ ወንበር ደግሞ ከዚያ መስመር ወደ ጎን ይዙር። ሦስተኛ፣ መስማት ለተሳነው ባለጉዳይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘጋጅ። እሱ የሚያነብበው ከንፈር ስለሆነ በጭቅጭቅ ማስክ አታስወልቁ፤ መጻፍ ይበቃል።

ደስታ፦ መታወቂያ ሲመሳከርስ ፊት መታየት አለበት። ኒቃብ የለበሱ እናቶችም አሉ።

ሳኒታሪያኑ፦ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት፣ ክፍት መስኮት ወይም በረንዳ ላይ፣ ሳይናገሩ ለቅጽበት ዝቅ አድርጎ መመለስ። ለሴት ባለጉዳይ ሴት ሠራተኛ መድቡ። ኒቃቡ ሥር ማስክ ይደረጋል።

መዝገብ ቤት፦ እኛ ክፍል መስኮቱ አይከፈትም። ማስክ ካደረግን ይበቃናል ወይ?

ሳኒታሪያኑ፦ አይበቃም፤ ሂሳቡን ላሳያችሁ። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 22 ባሻሻለው የማስክ መመሪያ ላይ ለአንድ ሰው በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ይላል፣ ማለትም በሰዓት 36 ሜትር ኩብ። መስኮት ተዘግቶ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ቢቀየር የሚገባው 60 ነው፤ ለሁለት ሰው እንኳ አይደርስም። ትይዩ በርና መስኮት ተከፍቶ በሰዓት ስድስት ጊዜ ቢቀየር 360 ይሆናል፣ ለአሥር ሰው ይበቃል። ግን የሁለት እርምጃውን ርቀት ስታሰሉ (ለአንድ ሰው 4 ካሬ ያህል) 20 ካሬ ላይ የሚቆመው አምስት ሰው ነው። ከሁለቱ ትንሹን ቁጥር በር ላይ ጻፉ፦ አምስት።

የማይከፈተውን መስኮት ለወረዳው ጥገና ክፍል በደብዳቤ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በቀለም ተጣብቆ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። ቬንትሌተር ካላችሁ ሰው ላይ አታዙሩት፣ መስኮት ላይ ወደ ውጭ አዙሩት። ግድግዳ ላይ ያለው ኤሲ ያንኑ አየር እያቀዘቀዘ መልሶ ይረጨዋል።

እማማ ወለተ፦ ልጄ፣ በዚህ በታኅሣሥ ብርድ መስኮት ተከፍቶ ማን ይቀመጣል? ብርድ ይመታናል።

ገረመው፦ እውነታቸውን ነው። ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት ክፈት ብትል ተሳፋሪው ሁሉ ይነሣብሃል።

ደስታ፦ ታክሲው ውስጥ ተዘግቶ መተፋፈኑ ነው እንጂ የሚያሳምመው።

ገረመው፦ ወገቤን ብርድ ሲይዘኝ አንቺ ታክሚኛለሽ?

ሀብታሙ፦ ለምን እንደ ኅዳር ሲታጠን አናጥነውም? አባቶቻችን የ1911ዱን የኅዳር በሽታ በጭስ ነው ያባረሩት።

ሳኒታሪያኑ፦ ሀብታሙ፣ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ ቆሻሻውን ያስወግዳል፤ ቫይረስ አይገድልም። ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳል ያስነሳል፣ ሲያስሉ ደግሞ ማስኩን ያወልቁታል። ግን እጣኑን ለአንድ ነገር ተጠቀሙበት፦ ሰው በሌለበት ሰዓት አንድ ፍም ላይ ትንሽ ጣል አድርጉና ጭሱን ተከታተሉ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ከወጣ ጥሩ፤ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ከቀረ አየር አይንቀሳቀስም ማለት ነው።

እማማ፣ ብርዱ እውነት ነው። ታችኛውን ተዉትና የላይኛውን መስኮት ክፈቱ፣ ነፋሱ ከራስ በላይ ያልፋል። ጋቢ ደርቦ መቀመጥም ችግር የለውም። የታክሲውን ክርክር ሌላ ቦታ ውሰዱት።

ትዕግሥት፦ አስም አለብኝ የሚል ሰው ሲመጣ? ሕፃናትስ?

ሳኒታሪያኑ፦ ከ6 ዓመት በታች ላሉ ግዴታ የለም። የመተንፈስ ችግር አለብኝ የሚለውን በር ላይ አቁማችሁ አትከራከሩት፤ ሰልፉ ይቆማል፣ ጩኸት ይነሣል፣ ጩኸት ደግሞ ትንፋሽ ነው። በረንዳ ላይ አንድ ወንበር ይኑር፣ አንድ ሠራተኛ ወጥቶ ጉዳዩን እዚያው ይጨርስለት።

ይበልጣል፦ ሳኒታይዘር ስላለቀ በካቲካላ ብንተካውስ?

ሳኒታሪያኑ፦ አይሆንም። ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይፈልጋል፣ ካቲካላ አይደርስም። ውሃና ሳሙና ለ20 ሴኮንድ።

የበር ጥበቃ፦ የሙቀት መለኪያው ከፀሐይ የመጣውን ሁሉ ትኩሳት አለው ይላል።

ሳኒታሪያኑ፦ ጥላ ሥር ጥቂት ደቂቃ አሳርፈህ ድገመው። ላቡን ይጥረግ። መለኪያው «ደህና ነው» ቢል ግን ማስክ አይቀርም፤ ሳያተኩሰው የሚያስተላልፍ አለ።

ሰላም፦ ማስክ ይጠቅማል ወይ?

ሳኒታሪያኑ፦ እዚህ ድረስ ምን ስናወራ ነበር?

ትዕግሥት፦ የኛ ኃላፊ ራሱ ቢሮው ውስጥ ያወልቃል። ስብሰባም ይጠራል።

ሳኒታሪያኑ፦ ለብቻው በር ዘግቶ ከሆነ ያውልቅ። ሰው ሲገባ ያድርግ። ስብሰባ ከ50 ሰው በላይ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። የቀረውን ከኃላፊያችሁ ጋር ጨርሱ፣ እኔ የቢሮ ሽማግሌ አይደለሁም።

ጽዳት፦ ወለሉንና የበር እጀታውን በምን ያህል በረኪና ነው የምናጸዳው? እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ይለናል።

ሳኒታሪያኑ፦ መጀመሪያ የጠርሙሱን ጽሑፍ እዩ። 5 በመቶ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ከ800 ውሃ፤ 0.1 በመቶ ይሰጣችኋል። አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡ፣ ቆሻሻ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ ከአሲድም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

ሀብታሙ፦ እና ይሄ 0.1 በመቶው ቀላል ስለሆነ ሰው ላይ ቢረጭ…

ደስታ፦ ሀብታሙ!

ሳኒታሪያኑ፦ የእጀታው ጥያቄ ተመልሷል። የሰልፍ መስመሩን ወለሉ ላይ በምን እናስምር ያላችሁ፦ ፕላስተር በመወልወያ ይነሣል፣ በዘይት ቀለም ቀቡት፣ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ልዩነት። ለሀብታሙ ደስታ ትመልስለታለች።