በሥራቸው ጎበዝ ለሆኑ ወጣቶች

ይድረስ ለወጣት የሙያ ልጆቼ፦

በባንክ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አዲስ ተቀጣሪ ልጆች ሲያጫውቱኝ የተማሩትን ሙያ ነገ ማሽን ይወስደዋል የሚል ስጋት ደጋግመው ያነሣሉ። ስጋቱን አላቃልለውም፤ እኛም በጊዜያችን አይተነዋል።

እኔ ሥራ ስጀምር የደንበኛው ሒሳብ ሌጀር በሚባሉ ትልልቅ መዝገቦች ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ማታ ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ካልመጣ ደግሞ ጥቂት ሳንቲሞች ስንፈልግ እናመሽ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ፣ ቅርንጫፎች በኔትወርክ ተያያዙ፣ ኤቲኤም ተተከለ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመርም የባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው በስልኩ ገንዘብ መላክ ያዘ።

በዚህ ሁሉ መካከል የታዘብኩት፣ ይበልጥ የተቸገሩት ሰነፎቹ ሳይሆኑ በቀድሞው አሠራር ወደር ያልነበራቸው ሠራተኞች መሆናቸውን ነው። ረጅም የአኃዝ ዓምድ በዓይኑ ብቻ ደምሮ የማይሳሳት ሰው፣ ትናንት ራሱ ካሠለጠነው ጀማሪ አጠገብ ተቀምጦ «ይህን ስጫን ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ሞት ሆነበት። ሰነፉማ የሚቀርበት ክብር ስላልነበረ በቀላሉ ተሻገረ! ስለዚህ ጎበዝ መባል በጀመራችሁበት ጊዜም ቢሆን በአንድ ነገር ጀማሪ ሆናችሁ ቆዩ፤ ከበታች ሰው መጠየቅን በወጣትነት ያልለመደ በሃምሳ ዓመቱ አንገቱ አይታዘዝለትም።

ለውጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሳይናገር አይመጣም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ከወረሰ በኋላ የግል ባንክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክን የፈቀደው አዋጅ ሲወጣና በማግሥቱ ዓመት አዋሽ ባንክ ሲመሠረት «ይህ ለጊዜው ነው» ያሉ ባልደረቦች ነበሩኝ። ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው የ2017ቱ አዋጅ ሲጸድቅም ያንኑ ቃል ሰማሁ። እናንተ ግን ሙያችሁን የሚነካ ሕግ ሲወጣ ወሬውን ትታችሁ አዋጁን አንብቡ።

ይህን ስል የመጣውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ተቀበሉ ማለቴ አይደለም። ስልክ መጠቀም የማይችሉ አዛውንት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መስኮቱ ፊት ሲቆሙ፣ «አሠራሩ ተቀይሯል» ብሎ መመለስ ዘመናዊነት አይመስለኝም።

በመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒውተሩ ያስቸገራቸው አንጋፋ ባልደረባ ካሉ፣ ቁልፉን ራሳቸው እንዲጫኑ እየተዋችሁ በትዕግሥት አሳዩአቸው። እናንተም ሲስተሙ ያወጣው ሒሳብ ካዝና ውስጥ ካለው ጥሬ ገንዘብ ጋር አልገጥም ሲል ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቋቸው፤ ብዙ ያሳዩአችኋል።