ንግግር ለማይሆንላችሁ ልጆች

ስብሰባ ላይ ማይክ ሲዞር ጠረጴዛ ሥር መግባት ለሚያምራችሁ ነው ይህን የምጽፈው። የሥራ ዘመኔን የሰው ሒሳብ ስመረምር የኖርኩ ኦዲተር ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ተመራቂዎች ሊያማክሩኝ ሲመጡ የብዙዎቹ ጭንቀት አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሥራውን እችላለሁ፤ ፕሬዘንቴሽን ላይ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እንዲህ ሆኜ የት እደርሳለሁ?» ይሉኛል። እኔም የሎርድ አልቶርፕን ታሪክ አነሳላቸዋለሁ።

የልዕልት ዲያናን ስም የማያውቅ የለም። የተቀበረችበት የቤተሰቧ ርስት አልቶርፕ ይባላል፤ እንግሊዝ አገር ኖርዝአምፕተንሻየር ውስጥ ነው። የኔ ሰውዬ የዚያው ቤት ልጅ ነው። ስሙ ጆን ቻርልስ ስፔንሰር ነው፤ ሎርድ አልቶርፕ የማዕረግ ስሙ ነው። በ1782 ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የባሕር ኃይሉን የመራ፣ ብርቅ መጻሕፍት በመሰብሰብም ስም ያወጣ ባላባት ነበር። ልጁ በ1804 ፓርላማ ገባ። ልቡ ግን ቀበሮ አደን ላይ ነበር። በ1814 አስቴር አክሎምን አገባ፤ በ1818 በወሊድ ምክንያት ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም። ያን ያህል የሚወደውን አደንም እርግፍ አድርጎ ተወው። በእሷ በኩል ባገኘው የዋይዝተን እርሻ ሾርትሆርን የሚባሉ ከብቶች ማርባት ያዘ፤ በዚህም ሥራ ስሙ ተጠራ።

በ1830 ኤርል ግሬይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ መንግሥት ሲመሠርት ይህን ከብት አርቢ የገንዘብ ሚኒስትርና በታችኛው ምክር ቤት የመንግሥት ወገን መሪ አደረገው። ንግግር አይሆንለትም። ይንተባተባል፣ ቃል ይጠፋበታል። በዚያ ላይ በ1831 ያቀረበው የመጀመሪያ በጀቱ ጉድ አፈላ። አክሲዮንና የመንግሥት ቦንድ እጅ ሲለውጥ ቀረጥ ይከፈልበት አለ፤ የለንደን ባለገንዘቦች ጮኹ፤ ሐሳቡን ሳበ። በዛሬ ቋንቋ አለቀለት የሚባል ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የፓርላማ ምርጫን የሚያሻሽለው ሕግ መጣ። ያኔ ሰው አልባ ሊባሉ የሚችሉ ቦታዎች ሁለት ሁለት ተወካይ ይልካሉ፤ ማንችስተርን የሚያህል ከተማ ግን አንድም የለውም። ተቃዋሚዎቹ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ፣ ሌሊት በሌሊት ይዘው ሞገቱ። አልቶርፕ እየተነሣ ይመልሳል፤ ይቀመጣል፤ እንደገና ይነሣል። አይቆጣም። ተቃዋሚው ልክ ሲሆን «ልክ ነህ» ለማለት አይከብደውም።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ የሆነ ነገር ይተረካል። ጆን ክሮከር የሚባል ምላሱ የተሳለ ተቃዋሚ ረጅም ክርክር አቅርቦ ተቀመጠ። አልቶርፕ ተነሣና ይህን ክርክር ድምጥማጡን የሚያጠፋ ስሌት ሠርቶ እንደነበር፣ ግን ወረቀቱን የት እንዳደረገው እንደጠፋው ተናገረ። ስለዚህ ምክር ቤቱ ምክሩን ከሰማ የክሮከርን ማሻሻያ ይጣለው አለ። ጣሉታ!

እኔ እዚያ ብኖር «ወረቀቱ ካልመጣ አልፈርምም» ባይ ነበርኩ፤ ሙያዬ ነው። እናንተም አለቃችሁ ፊት ይህን እንዳትሞክሩት። እነዚያ ሰዎች ያመኑት ግን በአንድ ሌሊት ተታለው አልነበረም። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ሲያዩት ኖረዋል። ያልሠራውን ሠርቻለሁ ሲል ሰምተውት አያውቁም። ከተቃዋሚው ወገን የነበረው ሰር ሄንሪ ሃርዲንጅ ራሱ፣ ያን ሕግ ያሳለፈው የአልቶርፕ ጠባይ ነው ብሏል።

ግንቦት 1832 ላይ ከንጉሡ ጋር አለመግባባት ተፈጥሮ ሚኒስትሮቹ ሥራ ለቀቁ። የስኮትላንዱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፍራንሲስ ጄፍሪ ጠዋት ቤቱ ሄዶ ያየውን ጽፎታል። አልቶርፕ ጋውን ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጸጉራም ክንዱ እስከ ክርኑ ተራቁቷል። ጺሙ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። በአንድ እጁ ምላጭ፣ በሌላው የሳሙና ብሩሽ ይዟል። ከብሩሹ ነጻ በሆነችው ጣቱ ሰላም ብሎት፣ ከእንግዲህ የንጉሡ ሚኒስትሮች እንዳልሆንን ስነግርህ ደስ እያለኝ ነው አለው፤ እየሳቀ። ወንበር ሲለቅ እንዲህ የሚስቅ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ደስታው ግን አልዘለቀም። በቀናት ውስጥ ተመለሱ፤ ሰኔ ላይ ሕጉ ጸደቀ።

ጻድቅ አድርጌ እንዳልሥልላችሁ። በ1833 ባርነትን ያስቀረው ሕግ ሲወጣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነበር፤ የ20 ሚሊዮን ፓውንዱ ካሳ የተወሰነው ለባሪያ ባለቤቶች እንጂ ለባሮቹ አልነበረም። በዚያው ዓመት የፋብሪካ ሕግ አወጣ። ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ተቆጣጣሪም መደበ። በ1834 ደግሞ ድሃውን ርዳታ ለማግኘት በጉልበቱ ወደሚሠራበት የመከራ መጠለያ የነዳውን የድሆች ሕግ ለምክር ቤቱ ያቀረበው ራሱ ነው። ሐቀኛ ሰውም ክፉ ሕግ ያወጣል።

ኅዳር 1834 አባቱ ሞተ። ማዕረጉን ወርሶ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሲያልፍ ንጉሡ ይህን ሰበብ አድርጎ መንግሥቱን በሙሉ አሰናበተ። አልቶርፕ ከማዕረጉ ጋር የወረሰው ዕዳም ነበር፤ ብዙ ዕዳ። ከዚያ በኋላ ሹመት ሲያቀርቡለት እምቢ አለ። በ1838 የእንግሊዝ የግብርና ማኅበር ሲቋቋም ግን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ለከብት ሲሆን እሺ ይላል። የታሪክ ሰዎች 1832ን ያወራሉ። እኔን የሚማርከኝ፣ ምናልባት በሙያዬ ምክንያት ይሆናል፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። በ1845 ዋይዝተን ውስጥ እስኪሞት ድረስ ወጪውን ቆጥቦ፣ ከብቱን እያረባ፣ የአባቱን ዕዳ ሲከፍል ነበር።