ስለ ሽፓየር ምኩራቦች ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በጀርመኗ ሽፓየር ከተማ ስለነበሩት ምኩራቦች የማውቀውን እነሆ። ጳጳሱ ሩዲገር ሁዝማን በ1084 እ.ኤ.አ. ለአይሁድ የመኖሪያ መብት ከሰጡ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በካቴድራሉ አቅራቢያ የተሠራው ምኩራብ በ1104 ተመረቀ፤ የሴቶች ጸሎት ቤት የተጨመረለት ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ ከፍርስራሹ የምሥራቁ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ አጠገቡ ያለው የመንጻት መታጠቢያ ነው፤ በድንጋይ ደረጃ አሥር ሜትር ያህል ወደ ምድር ሲወርዱ፣ ከላይ በሚገባው ጭላንጭል የከርሰ ምድሩ ውኃ ጸጥ ብሎ ይታያል። በ1837 የተሠራውን ሌላ ምኩራብ ናዚዎች በኖቬምበር 1938 አቃጠሉት። አሁን የሚጸለይበት ቤት ሻሎም የተባለው ምኩራብ፣ ቀድሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ላይ ታንጾ፣ በዚያው የቃጠሎ መታሰቢያ ዕለት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2011 ተከፈተ።