መልስ፦ በእንግሊዝ ዘውድ ከላንካስተር ቤተሰብ ጋር የተፎካከሩት የዮርክ ቤተሰብ ሰዎች (ዮርኮች) ከታናሹ ወንድም ከመጡ ዘውዱ እንዴት ይገባናል አሉ?

በእናት በኩል ነው። አንተ የቆጠርከው በአባት ብቻ ነው፤ በዚያ ከሄድክ የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ የኤድመንድ የልጅ ልጅ ነው፣ ኤድመንድም የላንካስተሮቹ አባት የጆን ኦቭ ጎንት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሁለቱም የእንግሊዙ ንጉሥ የኤድዋርድ 3ኛ ልጆች ናቸው።

አሁን ከእናቱ ተነስተህ ወደ ላይ ውጣ፦ አን ሞርቲመር፣ አባቷ ሮጀር፣ የሮጀር እናት ፊሊፓ፣ የፊሊፓ አባት ሊዮኔል። ሊዮኔል ደግሞ የጆን ታላቅ ወንድም ነው። ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1460 ለፓርላማ ያቀረበው ይህንኑ ነው። ደካማ ጎኑ፣ ሐረጉ ሁለት ጊዜ በሴት ያልፋል፤ ላንካስተሮች ደግሞ ከ1399 ጀምሮ ዙፋኑ ላይ ነበሩ።

የዘር ሐረግ ሰንጠረዡን ስትሠራ የኤድዋርድ 3ኛን ልጆች በቁጥር አትጥራ፣ በስም ጻፍ። በሕፃንነቱ የሞተው ዊልያም ከተቆጠረ ሊዮኔል 3ኛ፣ ካልተቆጠረ 2ኛ ይሆናል፤ መጻሕፍቱ የሚጋጩብህ ለዚህ ነው።