ባለሀብት ከመጥራታችሁ በፊት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለተመደባችሁ ወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

በገላን፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ ወይም በለገጣፎ የኢንቨስትመንት ቢሮ የተመደበ ወጣት መጀመሪያ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ብሮሸር እንዲያዘጋጅ ነው። ባለቀለም ወረቀት፣ የአየሩ ተስማሚነት፣ የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት፣ ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ቅርበት። አትሥሩት አልልም፤ የመጨረሻ ሥራችሁ አድርጉት እንጂ። ፋብሪካ ሊተክል የመጣ ሰው ብሮሸሩን ቦርሳው ውስጥ ከከተተ በኋላ የሚጠይቃችሁ አራት ነገር ነው፦ መብራቱ ስንት ኪሎ ቮልት አምፔር (የኃይል አቅም መለኪያ ነው) ይገኛል? ውኃው በሰከንድ ስንት ሊትር ነው? ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ በክረምት እስከ በሩ ይገባል? መሬቱንስ መቼ እረከባለሁ? አምስተኛ ጥያቄ ካለው ደግሞ «ይህን የምትሉኝ እናንተ ብቻ ናችሁ ወይስ የሚመለከታቸው ሁሉ?» የሚለው ነው።

ስለ አጋርነት ብዙ ስብሰባ ትቀመጣላችሁ። በእኔ ሚዛን አጋርነት ማለት የመብራቱ፣ የውኃው፣ የመንገዱ፣ የመሬት አስተዳደሩና የአካባቢ ጥበቃው ሰዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ገጽ ላይ አንድ መልስ ጽፈው መፈረማቸው ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሻይና ዳቦ ነው።

በመብራቱ እንጀምር። «መስመር በደጁ ያልፋል» የሚል መልስ አትስጡ። የሚያልፈው 15 ኪሎ ቮልት ነው ወይስ 33? ከየትኛው ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ይነሳል? በመስመሩ ላይ ገና ያልተያዘ አቅም አለ? ሂሳቡ አያስቸግርም። 1 ሜጋ ዋት የሚፈልግ ፋብሪካ ፓወር ፋክተሩ (ከሚቀርብለት ኃይል በሥራ ላይ የሚያውለው ድርሻ) 0.85 ከሆነ 1,176 ኪሎ ቮልት አምፔር ይጠይቃል፤ ስለዚህ የ1,250 ትራንስፎርመር ይመረጥለታል። ከሰብስቴሽኑ በላይ ያለው ጉዳይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ለአንዱ ጽፎ የሁለቱንም መልስ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው። ምሰሶውን፣ ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን ማን እንደሚከፍል መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት ይጻፍ። ይህ ሲዘለል ማሽኑ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ የማከማቻ ኪራይ እየቆጠረ፣ ትራንስፎርመሩ ግን ገና ያልታዘዘ ሆኖ ይገኛል።

ውኃ በእኛ ዙሪያ ከሁሉም የባሰ ስስ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ውኃ፣ እንዲሁም የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ያሉት በእነዚሁ ዳርቻዎች ነው። ስለዚህ «ውኃ አለን» ከማለታችሁ በፊት ማን እንደሚጠጣው እወቁ። ልብስ የሚሰፋና ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ በስም «ጨርቃ ጨርቅ» ተብለው አንድ መዝገብ ላይ ቢሰፍሩም በውኃ አይገናኙም። 1,000 ሠራተኛ ያለው የስፌት ፋብሪካ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብታስቡለት 50 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሰከንድ 0.6 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። አንድ ኪሎ ጨርቅ ማቅለም ግን 100 ሊትር ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ በቀን 5 ቶን የሚያቀልም ሰው 500 ሜትር ኩብ፣ ሳያቋርጥ በሰከንድ 6 ሊትር ያህል የሚሰጥ ጉድጓድ ይፈልጋል። የጉድጓዱን አቅም በመስከረም ለክታችሁ አትመኑ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ውኃው ዝቅ ባለበት ወቅት የተደረገ የፓምፕ ሙከራ ነው የሚታመነው።

የሚገባውን ውኃ ስታሰሉ የሚወጣውንም አስሉ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከሰሜኑ ከፍታ ተነስተው፣ ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከላይ የተለቀቀ ቀለም ወይም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ታች ጎመን የሚያጠጣው ገበሬ ማሳ ላይ ይደርሳል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ተጽዕኖው ከአንድ ክልል ወደ ሌላው የሚሻገር ፕሮጀክት በፌዴራሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲታይ ያዛል። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ድንበር ላይ ለምትሠሩ ይህ አንቀጽ ጌጥ አይደለም። የማጣሪያ ጣቢያው የሚቆምበት ቦታ በመጀመሪያው የቦታ ንድፍ ላይ ካልተሰመረ፣ በኋላ ቦታ የለም ይባላል።

አፈሩ አጭር ነገር ነው፤ ግን ኪስ ያራቁታል። ከገላን እስከ ዱከም የሚበዛው መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ተቆርጦ ካልወጣና በተመረጠ አፈር ካልተተካ የሼዱን ወለል ያነሳዋል። የአፈር ምርመራ ውጤት በእጃችሁ ካለ ለባለሀብቱ ስጡት፤ ከሌለም ለአፈር ሥራ በጀት እንዲይዝ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ ቆም በሉ።

«ነፃ መሬት» የሚባለው አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው መሬት ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በዘላቂነት ለሚነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይላል፤ የቀድሞው ሕግ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ያባዛ ነበር። በኋላ የወጣውን ማሻሻያም አብራችሁ አንብቡ። ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ማባዣው (15ቱ) ላይ ሳይሆን ተባዡ (የዓመት ገቢው) ላይ ነው። አንድ ሄክታር 20 ኩንታል ጤፍ ቢሰጥ፣ የኩንታሉ ዋጋ ከየትኛው ገበያና ከየትኛው ወር ተወሰደ? ዝርዝሩ የዓምና ሆኖ ክፍያው ለሚቀጥለው ዓመት ከተላለፈ፣ ሂሳቡ በወረቀት ትክክል ሆኖ በገበሬው እጅ ሲደርስ ጎዶሎ ይሆናል። ገበሬው ፈርሞ እንኳ አይነሳም፤ መብቱም ስሜቱም ነው። ስለዚህ የካሳው ግምት የተሠራበት ቀንና የክፍያው ቀን ተቀራርበው በአንድ መርሐ ግብር ላይ ይስፈሩ። ካሳው ሳይከፈል ለባለሀብት ካርታ አትስጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የሚነሳው ቤተሰብ ልጆች ጉዳይም እዚሁ ይታሰብ። «ለአካባቢው ወጣት ቅድሚያ» የሚል ሐረግ ውል ውስጥ ብቻውን ዋጋ የለውም። ስንት ሰው፣ በምን ሙያ፣ የትኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያሠለጥናል፣ ሥልጠናው ሼዱ ከማለቁ ስንት ወር በፊት ይጀመራል የሚለው ይጻፍ። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው ከሌለ ሠራተኛው ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ የተነሳው ገበሬ ልጅም ከአጥሩ ውጭ ጥበቃ ሆኖ ይቀራል።

የ2008 እና የ2009 ዓ.ም. ሁኔታ በዕድሜያችሁ ምክንያት ለብዙዎቻችሁ ሩቅ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት በጥር 2008 ተሰረዘ፤ በመስከረም 2009 መጨረሻ ደግሞ በሰበታና አካባቢው ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። የፖለቲካውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው። ለእናንተ ሥራ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ መንገድና ቱቦ በካርታ ላይ ማገናኘት ይቻላል፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ ግን ለፋብሪካው ዋስትና አይሆንም። ዛሬ አስተዳደሩ ተለውጧል፤ በ2015 ብዙዎቹ የዙሪያ ከተሞች ሸገር ከተማ ተብለው ተዋሕደዋል። ጉርብትናው ግን ያው ነው።

የጉርብትናው ትልቁ ችግር ግብር ነው፤ በስብሰባ ላይ ማንም አያነሳውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሥራ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው በአንዱ አስተዳደር፣ የሠራተኛው መኖሪያ በሌላው ሲሆን ግብሩ ወደ አንዱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የጤና ጣቢያውና የመንገዱ ወጪ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎረቤታሞች ባለሀብት ሲሻሙ የሚታዩት፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው እያበለጠ መሬት የሚያረክሱት ከዚህ የተነሳ ነው። መድኃኒቱ ከጎረቤት አስተዳደር ጋር ግልጽ መነጋገር ነው፦ «ግብሩ ለእናንተ ከሆነ የመዳረሻውን መንገድ እናንተ፣ አውቶቡሱን እኛ።» ደግሞ ቁጥሩን አቅርቡ። 1,000 ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ቢገባ 60 ሰው በሚይዝ ሰርቪስ 17 ምልልስ ነው፤ ፈረቃው በግማሽ ሰዓት ልዩነት ለሁለት ቢከፈል የአውቶቡሱ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል። የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ ደመወዙን ሲበላው ሠራተኛው በወራት ውስጥ ይለቃል፤ ባለሀብቱም «የሥራ ባህል የለም» ብሎ ይወቅሳል።

የመግባቢያ ሰነድ ስታረቅቁ «ይተባበራሉ»፣ «በጋራ ይሠራሉ» የሚሉትን ግሶች ሰርዙ። በምትካቸው የሥራ መደብ፣ የቀን ብዛት፣ የብር ምንጭ ይግባ። «የውኃ ጽሕፈት ቤቱ የፕሮጀክት ኃላፊ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ የአቅም ማረጋገጫ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ካልሰጠ ጉዳዩ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል» ዓይነት ዓረፍተ ነገር አያምርም፤ ይሠራል ግን። ከእናንተ አቅም በላይ የሆነውን የፌዴራልና የክልል ጉዳይ የሚያይ ምክር ቤት በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ተቋቁሟል። ወደዚያ የሚሄደው ግን ታች በትክክል የተጻፈ ጉዳይ ብቻ ነው።

አዋጁን ካነሳን፦ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር መመደብ አለበት። የውጭውና የጣምራው ፈቃድ ከፌዴራል፣ የአገር ውስጡ ከክልል ነው። ፈቃድ የያዘ ሁሉ ግን ባለ ፋብሪካ አይደለም። አጥሮ ለመሸጥ የመጣውን ለመለየት አነጋገሩን አድምጡ። ከመብራቱ በፊት ስፋቱን ይጠይቃል። የአዋጭነት ጥናቱ ውስጥ የሌላ ከተማ ስም ተረስቶ ይገኛል። የማሽን ፕሮፎርማ የለውም፤ የባንክ መግለጫው ገንዘቡ ትናንት ገብቶ ዛሬ የታተመ ነው። 5,000 ካሬ ሜትር ሼድ የሚሠራ ሰው መኪና ማቆሚያውና ማጣሪያው ተጨምሮ በ1 ሄክታር ይበቃዋል፤ 5 ሄክታር ከጠየቀ ቀሪው ለምን እንደሆነ በንድፍ ያሳያችሁ። ጥናቱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ እንዲያድሰው መልሱለት፤ ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ የማሽኑ ሂሳብ አይሠራም።

በግብር እፎይታ አትወዳደሩ። ሕጉ ከአዲስ አበባና ከዙሪያው ለሚርቅ ሲያደላ ኖሯል። የእናንተ ብልጫ ሌላ ነው፦ ከሰበታ የሚነሳው የጅቡቲ ባቡር፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ፣ ሞጆ፣ የሰለጠነ ሰው፣ ገበያው። የዱከሙ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ባለሀብት የሳበው በዚሁ የጅቡቲ መስመር ላይ ስለተቀመጠም ጭምር ነው።

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ነው። ትርፉን እዚሁ መልሶ የሚያፈስ የውጭ ባለሀብት አዲስ ዝቅተኛ ካፒታል አይጠየቅም፤ ስለዚህ ማስፋፊያ ለመሥራት ከሁሉም የሚቀርበው አስቀድሞ ጎረቤታችሁ የሆነው ፋብሪካ ነው። በየሦስት ወሩ ሂዱ፤ ኃላፊ አስከትላችሁ ሳይሆን ደብተር ይዛችሁ። ባለፉት ሦስት ወራት መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ? ስንት ሠራተኛ ለቀቀ? የሚልክበት አገር ስንት ነው? ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል) ስትወጣ ክፉኛ የተጎዱት አንድ ገበያ ብቻ የነበራቸው ፋብሪካዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው። መልሱን በቀኑ መዝግቡ። ከመልሱ ጎን ጉዳዩ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተላከ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ደብተሩን የምትከፍቱት በዚያው ገጽ ላይ ነው።